ቤንዚን ውስጥ የገባው እርሳስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወሬ በተነሣ ቁጥር «እስቲ ይሞከር፤ ጉዳት ካለው ያኔ ይታረማል» የሚል መልስ ይገጥመኛል። ከመቶ ዓመት በፊትም ይኸው መልስ ተሰጥቶ ነበር። ያኔ የተሰጠው ስለ ቤንዚን ነበር፤ መዘዙን እኛም በየመንገዳችን ስንተነፍሰው ኖረናል። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼም ዘመዶቼም ስለዚህ ታሪክ ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤ ለመመለስ ሞክሬያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እርሳስ ሲባል የምንጽፍበት ነው?

አይደለም። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው፤ ከከሰል ጋር አንድ ዘር ነው፤ አይመርዝም። እዚህ የምናወራው ስለ ብረቱ ነው። የጥይት ዐረር የሚሠራበት፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው፣ ከባድና ለስላሳው፣ ብዙ ሰው «ሊድ» የሚለው።

ቤንዚን ውስጥ ለምን ተጨመረ?

በዚያ ዘመን የነበሩ ሞተሮች ዳገት ሲይዙ ወይም ጭነት ሲበዛባቸው ያንኳኩ ነበር። ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት ከፊሉ ቤንዚን በራሱ ጊዜ ይፈነዳና ፒስተኑን ይደበድበዋል። ጉልበት ይባክናል፤ ሞተሩም ይጎዳል። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን ከተማ ውስጥ በመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ የሚሠራው ቶማስ ሚጅሊ ለዚህ መፍትሔ ሲፈልግ ቆይቶ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1921 ቴትራኤቲል ሊድ የተባለ የእርሳስ ውህድ ሞከረ። ማንኳኳቱ ቀጥ አለ። ከሺህ እጅ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ መጠን በቂ ነበር።

መታወቅ ያለበት ግን ሌላም መንገድ መኖሩ ነው። አልኮልም ማንኳኳቱን ያስቆማል፤ ሚጅሊ ራሱ በአልኮል ቅልቅል መኪና አስነድቶ አሳይቷል። ነገር ግን አልኮል ከእህል የሚወጣ ነገር ነው፤ ብቅልና ጌሾ ያላት ካቲካላ አውጪ ሁሉ ምሥጢሩን ታውቀዋለች። እንዲህ ያለውን ነገር «የእኔ ፈጠራ ነው» ብሎ በባለቤትነት መያዝ አይቻልም። የእርሳሱን ዘዴ ግን ይቻላል። ምርጫው የተደረገው እዚህ ላይ ነው። እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ፌብሩዋሪ 1923 ዴይተን ውስጥ አንድ ማደያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ቀረበ። ስሙንም «ኤቲል» አሉት፤ ሊድ የምትለዋን ቃል ከስሙ አወጧት።

ያኔ መርዝ መሆኑ አይታወቅም ነበር?

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ይታወቅ ነበር። እርሳስ ሠራተኛን እንደሚመርዝ ከጥንት ሮማውያን ጀምሮ ተጽፏል። እንዲያውም ሚጅሊ ግኝቱን ባገኘበት በዚያው በ1921 የዓለም ሥራ ድርጅት ጄኔቭ ላይ ተሰብስቦ፣ የእርሳስ ቀለም የቤት ውስጥ ግድግዳ እንዳይቀባበት የሚከለክል ስምምነት አጽድቋል። ዓለም ከግድግዳው ላይ ሊያነሣው በወሰነበት ዓመት በአየር የሚበተንበት መንገድ ተገኘ ማለት ነው።

ሚጅሊም ያውቅ ነበር። በ1923 መጀመሪያ እሱ ራሱ በእርሳስ ተመርዞ ሥራ አቋርጦ ፍሎሪዳ ሄዶ ማገገም አስፈልጎታል።

ከዚያ ኦክቶበር 1924 መጣ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤይዌይ በሚባል ቦታ ውህዱን የሚያመርት ክፍል ነበር። እዚያ ይሠሩ ከነበሩት 49 ሰዎች 35ቱ ሆስፒታል ገቡ። አምስቱ ሞቱ። አሟሟታቸው ጸጥ ያለ አልነበረም፤ የሌለ ነገር እያዩ ይጮኹ ነበር፤ ራሳቸውንም ሌላውንም እንዳይጎዱ በጨርቅ ጃኬት ታስረው የሞቱ አሉ። ዲፕዎተር በሚባል ቦታ ይኸንኑ ውህድ ያመርት የነበረው የዱፖንት ኩባንያ ፋብሪካ ሠራተኞች ደግሞ የሥራ ቦታቸውን «የቢራቢሮ ቤት» ይሉት ነበር። ሰው ቆሞ እያወራ ድንገት እጁን ያነሣና የሌለ ነፍሳት ከፊቱ ላይ ማባረር ይጀምራል፤ ስሙ የመጣው ከዚህ ነው። ቤይዌይ ላይ ከኩባንያው በኩል ለጋዜጠኞች የተሰጠው የመጀመሪያ ማብራሪያ ሰዎቹ ከሥራ ብዛት ሳያብዱ አልቀሩም የሚል ነበር።

በዚያው ወር መጨረሻ ሚጅሊ ጋዜጠኞችን ሰበሰበ። በፊታቸው ውህዱን እጁ ላይ አፈሰሰ፤ ጠርሙሱንም ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ማገው። በየቀኑ እንዲህ ባደርግ ምንም አልሆንም ለማለት ነው። ታምሞ ከተነሣ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ይህን ትዕይንት ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ዝም ይላል።

መንግሥት የት ነበር?

ነበር። ኒው ዮርክን ጨምሮ አንዳንድ ከተሞችና ግዛቶች ሽያጩን አገዱ። ሜይ 20 ቀን 1925 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኃላፊ ዋሽንግተን ላይ ጉባኤ ጠሩ፤ ውህዱን የሚሸጠው የኤቲል ኩባንያም እስኪጣራ ድረስ ሽያጩን አቆመ። በጉባኤው ከኩባንያው ወገን የተናገሩት ፍራንክ ሃዋርድ ይህን ነገር ከእግዚአብሔር የተሰጠ ስጦታ ይመስላል አሉት። በሌላ በኩል ሐኪሟ አሊስ ሃሚልተን ተነሡ፤ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር የነበሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞሩ የተመረዙ ሠራተኞችን ሲመረምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ነጥባቸው ቀላል ነበር፦ ፋብሪካ ውስጥ ጥንቃቄ ማድረግ ትችሉ ይሆናል፤ አገሩን ሁሉ እንዴት አድርጋችሁ ትጠብቁታላችሁ?

ኮሚቴ ተቋቋመ። በጥቂት ወራት 252 ሰዎችን መርምሮ በ1926 መጀመሪያ ለመከልከል የሚያበቃ ምክንያት ለጊዜው አላገኘሁም አለ። ግን እዚያው ሪፖርት ላይ አስጠንቅቋል፦ አጠቃቀሙ ሲስፋፋና ዓመታት ሲያልፉ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ መንግሥት በራሱ ገንዘብ ጥናቱን ይቀጥል ብሏል። ሽያጩ ቀጠለ፤ ጥናቱ ግን ለኩባንያዎቹ ተተወ።

ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመት ያህል ስለዚህ ጉዳይ ዋናው ተሰሚ ሰው ዶክተር ሮበርት ኪሆ ነበሩ። የኤቲል ኩባንያ የሕክምና አማካሪ ነበሩ፤ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የሚመሩትን ቤተ ሙከራ ገንዘብ የሚሰጡትም ውህዱን የሚሠሩትና የሚሸጡት ነበሩ። የእሳቸው አቋም በአጭሩ «ጉዳቱን አሳዩኝ፤ ካሳያችሁኝ አቆማለሁ» ነው። ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል። ችግሩ ግን የማስረዳት ሸክሙ ማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ ነው። መርዙን የሚሸጠው ደህና መሆኑን እንዲያስረዳ አልተጠየቀም፤ የሚተነፍሰው መመረዙን እንዲያስረዳ ተፈረደበት። መለኪያውም፣ ገንዘቡም፣ ባለሙያውም በሻጩ እጅ ነበር። የዚህ ታሪክ ዋናው በሽታ ይህ ይመስለኛል፤ እርሳሱ ምልክቱ ነው።

ታዲያ እንዴት ተጋለጠ?

ፈልጎ ባልመጣ ሰው። ክሌር ፓተርሰን የሚባል የጂኦኬሚስትሪ ሊቅ የምድርን ዕድሜ ለማወቅ ከጠፈር በወደቀ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ጥቂት እርሳስ ይለካ ነበር። ልኬቱ አልገባ አለው። ከአየሩ፣ ከአቧራው፣ ከጠረጴዛው፣ ከራሱ ፀጉርና ልብስ እርሳስ እየገባ ናሙናውን ያበላሸዋል። ዓመታት ፈጅቶ ዕቃውን በአሲድ እያጠበ፣ አየሩን እያጣራ፣ አቧራ የማይገባበት ክፍል ሠራ። በ1956 የምድር ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት መሆኑን አሳተመ። ያ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተናወጠም።

ቀጥሎ ግን «ያ ሁሉ እርሳስ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀ። ባሕር ላይ ለካ፤ ከላይኛው ውኃ ውስጥ ከጥልቁ ይልቅ ብዙ እርሳስ አገኘ፤ ይህም በቅርብ ጊዜ ከላይ የወረደ መሆኑን ይነግራል። ግሪንላንድ ሄዶ ከጥንት ጀምሮ የተደራረበውን በረዶ ቆፍሮ ለካ፤ ወደ እኛ ዘመን በቀረበ ቁጥር እርሳሱ ይጨምራል። በ1965 የሰው ልጅ ሰውነት ውስጥ ያለው እርሳስ ተፈጥሯዊ እንዳልሆነ ጻፈ። ኪሆና ባልደረቦቻቸው «ኖርማል» ይሉት የነበረው መጠን ቀድሞውንም የተመረዘ ሰው መጠን ነበር። ከዚያ በኋላ ለምርምር ያገኝ የነበረው ገንዘብ ተቋረጠበት፤ በ1971 ስለ አየር ውስጥ እርሳስ እንዲያጠና በተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ ኮሚቴ ውስጥም ስሙ አልገባም። በጉዳዩ ላይ በዓለም ከእሱ የሚበልጥ አዋቂ አልነበረም።

ሁለተኛው ኸርበርት ኒድልማን የተባለ የሕፃናት ሐኪም ነው። ቦስተን አጠገብ ካሉ ከተሞች ከ2,000 በላይ ሕፃናት የነቀሉትን የወተት ጥርስ ሰበሰበ። እኛ «አሮጌውን ወስደህ አዲሱን ስጠኝ» ብለን ጣራ ላይ የምንወረውረውን ጥርስ ማለት ነው። ጥርስ ልጁ ባለፉት ዓመታት የወሰደውን እርሳስ ይዞ ይቆያል። በ1979 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች ምንም የሕመም ምልክት ሳይታይባቸው በአእምሮ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ነበራቸው፤ መምህሮቻቸውም ሐሳባቸው እንደሚበተን መስክረዋል። በኋላ በማጭበርበር ተከስሶ ዓመታት ከተንገላታ በኋላ ነፃ ወጥቷል።

ሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

ሰውነት እርሳስን ካልሲየም መስሎት ያስተናግደዋል። አጥንት ውስጥ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፤ በእርግዝና ጊዜ ከእናት አጥንት ወጥቶ ወደ ጽንሱ ሊያልፍ ይችላል። ትልቅ ሰው ላይ የደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ጉዳት ያመጣል። ልጅ ላይ ደግሞ እያደገ ያለውን አንጎል ይነካል፤ የጠፋው አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ለምን ቶሎ አልቆመም?

አሜሪካ መቀነስ የጀመረችው በ1970ዎቹ ነው፤ አንዱ ምክንያት ከ1975 ጀምሮ ማርሚታው መስመር ላይ የሚገጠመው ጭስ ማጣሪያ በእርሳስ ስለሚበላሽ ነበር። ለሰው አንጎል ያልተደረገው ለዕቃው ተደረገ ብል ማጋነን አይሆንም። ከ1976 እስከ 1980 ባለው ጊዜ ብቻ የአሜሪካውያን ደም ውስጥ የነበረው እርሳስ በአማካይ 37 በመቶ ወረደ። ሙሉ ክልከላው ግን የመጣው በ1996 ነው።

ሀብታሞቹ አገሮች ሲተዉት ገበያው ወደ ድሆቹ ዞረ። ኢኖስፔክ የተባለው አምራች የኢንዶኔዥያና የኢራቅ ባለሥልጣናትን ምርቱ እንዳይቆም በጉቦ መደለሉን በ2010 ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ናት፤ ማደያዎቿ ያቆሙት በጁላይ 2021 ነው። ከዴይተኑ ማደያ ወዲህ 98 ዓመት መሆኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ግምት እንደሚለው፣ ክልከላው በየዓመቱ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ያለ ዕድሜ የሚደርስ ሞትን ያስቀራል።

ኢትዮጵያስ?

የአፍሪካ አገሮች በጁን 2001 ዳካር ላይ ተሰብስበው ለመተው ተስማሙ፤ እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ከሰሃራ በታች ያሉት ተዉት። ኢትዮጵያ ቀድመው ከጨረሱት ውስጥ ናት። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ስለቆመ ነዳጁ ተጣርቶ ከውጭ የሚመጣ ነበር፤ ለመለወጥ አሮጌ ማጣሪያ ማደስ አላስፈለገም።

ከዚያ በፊት የነበረውን ግን አስታውሳለሁ። የእናቴ ወንድም ጋራዥ ነበረው። ግሪስ የጠገበ እጁን እስከ ክርኑ በቤንዚን ይታጠባል። ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ነዳጅ ሲገለብጥ ጎማውን በአፉ ይስባል፤ አፉ ሲሞላ እንትፍ ይልና ጎማውን ጀሪካኑ ውስጥ ይከታል። እኔ ጀሪካኑን እይዝለት ነበር፤ ሽታውም ደስ ይለኝ ነበር። ይህ ውህድ በቆዳም እንደሚገባ የነገረው ሰው አልነበረም። በእሱ ላይ ያደረሰው ነገር ይኑር አይኑር ማንም ለክቶ አያውቅም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መንገድ ዳር ቆሎ ሲቆሉ፣ በቆሎ ሲጠብሱ ስለኖሩ ሴቶችም፣ በጀርባቸው ስለታዘሉት ልጆችም የተለካ ነገር አላየሁም። ከላይ እንዳልኩት፣ ማስረዳት የተጎጂው ሥራ ሲሆን የማይለካ ሰው እንዳልተጎዳ ይቆጠራል።

ቁጥጥር ፈጠራን አይገድልም?

ይህን ስጋት አላጣጥለውም፤ ሥራን ለማጓተት ብቻ የሚደረግ ቁጥጥር መኖሩን ወረፋ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ያው አሜሪካ በመድኃኒት በኩል ያደረገችውን እንይ። በ1937 አንድ ያልተፈተነ ሽሮፕ ከ100 በላይ ሰው ገደለ። በ1938 የወጣው ሕግ መድኃኒት ሻጭ ከመሸጡ በፊት ደህንነቱን ያስረዳ አለ፤ ሸክሙን ከበሽተኛው ወደ ሻጩ አዞረው። በ1960 ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ለፈቃድ ቀረበ። ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ የመድኃኒት ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት አዲስ ሠራተኛ ነበሩ። ኩባንያው ደጋግሞ ቢጎተጉታቸውም «ማስረጃው አይበቃም» ብለው ፈቃዱን ያዙት። መድኃኒቱ በተሸጠባቸው አገሮች እርጉዝ እናቶች ወስደውት ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ፤ አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ሆነ። የመድኃኒት ፈጠራም ከዚያ በኋላ አልሞተም።

ሚጅሊ ራሱ ሌላም ማስረጃ ትቶልናል። በ1928 ለማቀዝቀዣ የሚሆነውን ፍሬዮን ያስገኘው እሱ ነው። ጋዙ የኦዞንን ሽፋን ሊበላ እንደሚችል ሁለት ሳይንቲስቶች በ1974 አሳወቁ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ከማስጠንቀቂያው እስከ ስምምነቱ 13 ዓመት ብቻ ነው። ዛሬም ፍሪጃችን ያቀዘቅዛል።

ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ኮምፒዩተር እርሳስ አይደለም፤ ብዙ ጥቅም እንዳለውም በራሴ ሥራ አያለሁ። የሚያሳስበኝ ግን የተለመደው አሠራር ተመልሶ መምጣቱ ነው፦ ፈታኙም ገንዘብ ከፋዩም ሻጩ ራሱ ሲሆን፣ ገበያ ላይ ወጥቶ ሚሊዮኖች ከተጠቀሙበት በኋላ «ጉዳቱን አሳዩኝ» ሲባል። አውሮፓ በ2024 ባጸናው ሕግ ከፍተኛ አደጋ ያላቸውን ሥርዓቶች የሚሠሩ አስቀድመው እንዲያስረዱ ጠይቋል። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥታለች፤ አፈጻጸሙ ገና ነው።

ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2021 በጦርነቱ ጊዜ ፌስቡክ ላይ ስማቸውና የሚኖሩበት ቦታ ተለጥፎ ከቆየ በኋላ የተገደሉ አንድ ኢትዮጵያዊ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ልጅ፣ በ2022 መጨረሻ ከሌሎች ጋር ሆኖ ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሷል። ክሱ ጥላቻ የሚያሰራጨውን ጽሑፍ ብዙ ሰው ፊት የሚያቀርበው የኩባንያው ሥርዓት ራሱ ነው፤ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚቆጣጠር በቂ ሰውም አልነበረም ይላል። ፍርድ ቤቱ በ2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። እዚህም የማስረዳቱ ሥራ የወደቀው አባቱን በቀበረ ልጅ ላይ ነው።

አሁን እርሳስ ጠፍቷል? በቤቴ ምን ልጠንቀቅ?

አልጠፋም። በፒስተን ሞተር የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች አሁንም ብዙዎቹ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ይጠቀማሉ። ከማርሚታ የወጣው የድሮው እርሳስ ደግሞ አይበሰብስም፤ መኪና በበዛባቸው አሮጌ መንገዶች ዳር አፈሩ ላይ ተቀምጧል። እዚያ ጎመን የሚተክሉ ከሆነ ደጋግመው ይጠቡት፤ የተሻለው ግን ከመንገዱ ራቅ ማለት ነው። ልጆች አፈር ከነኩ በኋላ ሳይታጠቡ እንዳይበሉ።

ዛሬ የበለጠ የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነው። የቤት ቀለም ላይ ኢትዮጵያ በ2018 ባወጣችው ደንብ መጠኑን ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ ላይ ገድባለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ግን አሁንም አለ፤ ሲላጥ ልጅ ያነሣዋል። አሮጌ ቀለም በደረቁ በአሸዋ ወረቀት አይፈግፍጉ፤ አርጥበው ይፋቁት። ከወዳደቀ አሉሚኒየም ቀልጦ በሚሠራ ድስት ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ቲማቲም ወይም ሎሚ ያለበት ወጥ አያሳድሩበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመኪና ባትሪ ሰብሮ እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው ጎረቤት ካለ፣ ዝም አይበሉ። ጭሱ በአጥር አይታገድም። እንዲህ ባለ ቦታ አጠገብ የሚያድግ ልጅ ምንም ባያመው እንኳ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ እርሳስ ሕመሙ ከመታየቱ በፊት በደም ሊለካ ይችላል።